የፀሐይ መብራትን ከክረምት በፊት በባልዲ ውሃ መፈተን

በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ቆላ፣ ክረምቱ ሲገባ ቀኑ ሁለት መልክ አለው። እስከ ከሰዓት ድረስ ፀሐዩ ያነዳል፤ ከዚያ ሱዳኖቹ ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል አድማሱን ይዘጋዋል፣ ከኋላውም ዶፉ ይወርዳል። ጣራ ላይ ሲሞላ የዋለ የፀሐይ መብራት ከነትኩሳቱ ቀዝቃዛ ውሃ ይወርድበታል። ብዙ መብራት የሚበላሸው በዚህች ሰዓት ነው፤ ባለቤቱ ግን የሚያውቀው ማታ ሲያበራው እንቢ ሲለው ነው። ይህ ጽሑፍ መብራቱን ዝናቡ ሳይፈትነው በፊት ራስዎ እንዴት እንደሚፈትኑት ያሳያል።

ለምሳሌ እዚያው ገዳሪፍ ያለውን፣ መንደር 8 የሚባለውን ሰፈራ የመረጥሁት በምክንያት ነው። መንደሩ የተሠራው በላይኛው አትባራና በሰቲት ወንዞች ላይ በተገነባው ግድብ ሳቢያ ከቀያቸው ለሚነሱ ሱዳናውያን ነበር። ሰቲት የሚባለው የኛው ተከዜ ነው፤ ግድቡ በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲነሳ ድንበር የተሻገሩ ሰዎች በሉግዲ በኩል መጥተው እዚህ አረፉ፤ ቤት ያገኘው ቤት፣ ያላገኘው ድንኳን ወይም በእንጨትና በሸራ የቆመ ራኩባ ውስጥ ገባ። ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ ብዙዎች ወደ ቱናይድባ መጠለያ ተዛወሩ። በዚያው ዓመት ክረምቱ ሲቃረብ የተነሳው ማዕበል በቱናይድባና በኡም ራኩባ መጠለያዎች ብዙ ድንኳን አፈራረሰ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ራሷ ጦርነት ሲገባባት ደግሞ ሰው በገላባት በኩል ወደ ኢትዮጵያ፣ ወደ መተማና ወደ ኩመር ተመመ። በድንበሩ በዚህም ሆነ በዚያ ወገን፣ የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት መጠለያ የሌሊቱ ብርሃን ይኸው በእጅ የሚያዝ የፀሐይ መብራት ነው። እናት ልጇን ሽንት ቤት የምታደርሰው፣ ሕመምተኛ የሚታየው፣ ጊንጥ ከፍራሽ ሥር የሚፈለገው በእሱ ነው።

ደረጃ 1፦ ሳይገዙ በፊት ሁለት ነገር ያንብቡ። መጀመሪያ «አይፒ» የሚለውን ምልክትና ተከትለውት የሚመጡትን ሁለት አኃዞች ይፈልጉ። የመጀመሪያው አቧራን፣ ሁለተኛው ውሃን ይመለከታል። 65 ከሆነ አቧራ አይገባውም፣ ከየትም አቅጣጫ የሚረጭ ውሃም ይችላል። 67 ማለት አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ተነክሮ ውሃ አያስገባም ማለት ነው። 68 ደግሞ አምራቹ በጻፈው ጥልቀት ውሃ ውስጥ ሲከርም ችግር የለበትም፤ በመዋኛ ገንዳ ሥር እንዲበሩ የሚሠሩት መብራቶች የሚሸጡት በዚህ ደረጃ ነው። ለመንደር 8 ክረምት 67 ይበቃል፤ 65ም ከጣራ ክፈፍ ሥር ከተሰቀለ ይሠራል።

ነገር ግን ቁጥሩ የማይነግርዎ ነገር አለ። በዓለም አቀፉ መለኪያ መሠረት የ67 ፈተና ሲደረግ በመብራቱና በውሃው መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ከ5 ዲግሪ እንዳይበልጥ ይደረጋል። እኛ ዘንድ ግን መብራቱ ቆርቆሮ ላይ ሲጠበስ ውሎ ነው ዝናብ የሚወርድበት፤ ልዩነቱ 30 ዲግሪም ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው እውነት ሆኖም መብራቱ ሊያስገባ ይችላል። የቤት ፈተና የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የሚነበብ ነገር ባትሪው ነው። 3.2 ቮልት የሚል ከሆነ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው፤ ሙቀት ከሌላው የተሻለ ስለሚችል ለቆላ እሱን እመርጣለሁ። 3.7 ቮልት የሚለው ተራው ሊቲየም ነው። ማንኛውንም ሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ ሞቆ ሳለ መሙላት ዕድሜውን ይቆርጠዋል። ከተቻለ ፓኔሉ በሽቦ ተነጥሎ የሚወጣ ዓይነት ይግዙ፤ ፓኔሉ ፀሐይ ላይ ሲውል መብራቱና ባትሪው ጥላ ውስጥ ይቆያሉ። በዚህ አገር ካለው የመብራት ምርጫ ሁሉ በጣም የሚጠቅመው ይህ ነው።

ደረጃ 2፦ ደረቁን ይለኩ። ውሃ ከማስነካትዎ በፊት መብራቱ ጤነኛ ሲሆን ምን ያህል እንደሚያበራ ማወቅ አለብዎት፤ ያለዚያ በኋላ መዳከሙን በምን ያውቃሉ? መብራቱን አጥፍተው ሁለት ሙሉ ቀን ፀሐይ ያስመቱት። ከዚያ በከፍተኛው ብርሃን አብርተው ሰዓቱን ይመዝግቡ፤ ሲፈዝም እንዲሁ። ሻጩ የነገረዎትን በሒሳብ ማረጋገጥም ይቻላል፦ 3.2 ቮልት በ1.5 አምፔር ሰዓት ቢባዛ 4.8 ዋት ሰዓት ይመጣል። መብራቱ 1 ዋት የሚበላ ከሆነ አራት ሰዓት ተኩል አካባቢ ያበራል። «ሌሊቱን ሙሉ» የሚለው አነጋገር ብዙ ጊዜ በደብዛዛው ብርሃን የተቆጠረ ነው።

ደረጃ 3፦ ቀዝቃዛውን መብራት ሞቅ ባለ ውሃ። ባልዲ ውሃ ሞልተው ፀሐይ ላይ ያውሉት። ውሃ በጄሪካን ተሸክሞ በሚመጣበት ቦታ ማባከን ስለማይገባ የልብስ ማጠቢያውን ውሃ ሳሙና ሳይገባበት ይጠቀሙ፤ ሲጨርሱ ይታጠቡበታል። መብራቱን በዚህ ጊዜ ጥላ ውስጥ ያቆዩት። ማብሪያ ማጥፊያው ይጥፋ፣ የስልክ መሙያው ቀዳዳ በላስቲኩ ይደፈን፣ ማንኛውም ሽቦ ይነቀል። ከዚያ መብራቱን ስንዝር ያህል ውሃው ውስጥ ያስገቡና ሳይንቀሳቀሱ ይመልከቱ።

በመጀመሪያ በላዩ ላይ ተጣብቆ የገባ አየር ቡልቅ ቡልቅ ብሎ ይወጣል፤ እሱን በእጅዎ ያብሱት። ከዚያ በኋላ ከአንድ ቦታ ብቻ፣ አንዱ ሌላውን እየተከተለ የሚወጣ የአረፋ መስመር ካዩ መብራቱ ቀዳዳ አለው። ውስጡ ያለው አየር በውሃው ሙቀት እየሰፋ ስለሆነ ነው የሚወጣው፤ አየር የወጣበት ሁሉ ውሃ ይገባበታል። ብዙ ጊዜ አረፋው የሚመጣው ከማብሪያው ቁልፍ ዙሪያ፣ ከመሙያው ቀዳዳ ወይም የላይኛውና የታችኛው ፕላስቲክ ከሚገጥሙበት መስመር ነው። ቦታውን ምልክት ያድርጉበት። አረፋው ሲታይ ወዲያው ያውጡት፤ ውሃ እስኪጠጣ መጠበቅ አያስፈልግም።

ደረጃ 4፦ የጋለውን መብራት በቀዝቃዛ ውሃ። ዋናው ፈተና ይኸ ነው። መብራቱ በብሎን የሚከፈት ከሆነ በካቻቢቴ ይክፈቱት፤ ጣት የምታህል የሶፍት ወረቀት ወስደው በውሃ በሚለቅ ማርከር ጥቂት ነጥብ ያድርጉባት፣ ሲደርቅም ከባትሪውና ከሽቦው መገናኛ ርቃ ከመጋጠሚያው አጠገብ ትቀመጥ። ላስቲኩ (መካኒኮች ጎሚኒ የሚሉት) እንዳይጣመም ተጠንቅቀው መልሰው ይዝጉ።

መብራቱን ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ፀሐይ ላይ ይተዉት። ባልዲው በዚህ ጊዜ ጥላ ውስጥ ይሁን፤ የዚር (የሸክላ ጋን) ውሃ ካለ እሱ ይቀዘቅዛል። ከዚያ መብራቱን አንስተው ሳያበርዱ በአንድ ጊዜ ይንከሩት፣ ግማሽ ሰዓትም ይቆይ። አሁን አረፋ አይጠብቁ። ውስጡ ያለው ሞቃት አየር ድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ ሲሰበሰብም በሚያገኘው ስንጥቅ ሁሉ ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባል። ዝናቡ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

ሲያወጡት ውጪውን በደረቅ ጨርቅ አብሰው ይክፈቱና ወረቀቷን ይዩ። ነጥቦቹ እንደነበሩ ካሉ መብራቱ አልፏል። ቀለሙ ተዘርግቶ ወረቀቷ ላይ ዳመና የመሰለ ጥላ ከሠራ ውሃ ገብቷል፤ ትንሽ ጠብታም ብትሆን ከጊዜ በኋላ መዳቡን አረንጓዴ አድርጋ ትበላዋለች። የማይከፈት መብራት ከሆነ ደግሞ ከፈተናው በኋላ ማታ በመስታወቱ ውስጥ ጉም መኖሩን ይዩ።

ይህን ፈተና የሚጠራጠር ሰው አለ፤ «ደህናውን መብራት ራሴው ላበላሸው?» ይላል። የሚያስገባ መብራት የመጀመሪያው ዶፍ ሲወርድ መበላሸቱ አይቀርም፤ ልዩነቱ አሁን ሱቁ ቅርብ ነው፣ መመለስም መጠገንም ይቻላል። የብዙ ሰው መብራት በአንድ ጊዜ በሚታደልበት ቦታ ግን ከያንዳንዱ ካርቶን አንድ ሁለት አውጥቶ መፈተን ይበቃል፤ የሚያከፋፍሉ ሰዎች ይህን ከእደላው በፊት ቢያደርጉት ደስ ይለኛል።

ደረጃ 5፦ የሚያስገባውን መድፈን። ከፍተው መጀመሪያ ባትሪውን ይንቀሉ። ውስጡ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ ባለበት ይድረቅ። ላስቲኩን ከጭቃና ከፀጉር አጽድተው ጥቂት የሲሊኮን ቅባት ይቀቡት፤ ቫዝሊን አንዳንዱን ላስቲክ ስለሚያሳብጥ ይቅርብዎ። ላስቲኩ የደረቀ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ በውጭ በኩል መጋጠሚያውን በሲሊኮን ማጣበቂያ መድፈን ይቻላል። እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ግን መዳብ ስለሚበላ ወደ ውስጥ እንዳይገባ፤ ከደፈኑም በኋላ አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ። ኔስትሮ መጠምጠም አይረዳም፤ ሙቀቱ ሙጫውን ያቀልጠዋል። ጥገናው ሲያልቅ ደረጃ 4ን ይድገሙት። ያበጠ ባትሪ ካገኙ አይሙሉት፣ አይውጉት፣ እሳት ውስጥም አይጣሉት፤ ከቤት አውጥተው ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ያኑሩት።

ደረጃ 6፦ ፓኔሉን ማስቀመጥ። ገዳሪፍ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 14 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሆነ ከመስከረም እስከ መጋቢት ፓኔሉን ወደ ደቡብ ጥቂት ያዘንብሉት። ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ግን የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ያልፋል፤ በእነዚህ ወራት ውሃ እንዲወርድለት ያህል ብቻ አዘንብሎ ጠፍጣፋ ማድረጉ ይሻላል። ቆርቆሮ ላይ አያስተኙት፤ ነፋስ በሥሩ እንዲያልፍ በእንጨት ከፍ ያድርጉት። ፓኔል ከ25 ዲግሪ በላይ በሞቀ ቁጥር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከጉልበቱ 0.4 በመቶ ያህል ያጣል፤ 65 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 16 በመቶ ሄደ ማለት ነው። ሀቡብ ካለፈ በኋላ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ መፈተግ መስታወቱን ይቧጥጣል፤ እፍኝ ውሃ ደፍተው በለስላሳ ጨርቅ ያንሱት።

ደረጃ 7፦ መብራቱ የሚሰቀልበት ቦታ። ገዳሪፍ፣ መተማና ሁመራ የካላዛር አገር ናቸው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዋልካው መሬት ስንጥቅና ግራርና ላሎ በበዛበት ቦታ ትራባለች፤ ክረምቱ ሊገባ ሲል ባሉት ወራት ትበረታለች፤ የምትናከሰው ሌሊት ነው። ብርሃንም ይስባታል፤ ተመራማሪዎች ለጥናት የሚይዟት በብርሃን ወጥመድ ነው። ከወባ ትንኝ ስለምታንስ ተራ አጎበር ያሳልፋታል። ስለዚህ መብራቱን ከመኝታ በላይ አይስቀሉት። ከራኩባው በር ወጣ ብሎ ወደ ሽንት ቤቱ መንገድ በሚያሳይ ምሰሶ ላይ ይሁን፤ ሲተኙ ውስጠኛውን ያጥፉ። ቢጫ ብርሃን ከነጩ ያነሰ ነፍሳት ይጠራል፤ ምርጫ ካለዎት ቢጫውን ይውሰዱ። በመድኃኒት የተነከረ ጥቅጥቅ ያለ አጎበር ካለ ደግሞ በክረምት ብቻ ሳይሆን ከመጋቢት ጀምሮ ይዘርጉት።

ዳመና በሚከርምባቸው የሐምሌና የነሐሴ ቀናት ባትሪው በአንድ ቀን ላይሞላ ይችላል። በእነዚያ ምሽቶች ስልክ ከመብራቱ አይሙሉ፤ ከፍተኛውን ብርሃን ለእራት ሰዓትና ለሕመምተኛ ብቻ ያቆዩት፣ ለሌላው ደብዛዛው ይበቃል። በደረጃ 2 የመዘገቡትን ሰዓት በጥቅምት ወር ሰማዩ ሲጠራ እንደገና ይለኩ። ከግማሽ በታች ከወረደ ባትሪው አልቋል፤ ቮልቱ ከቀድሞው ጋር አንድ የሆነ ይግዙና ይተኩት፤ 3.2 የነበረበት ላይ 3.7 አያስገቡ። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር የጎሚኒው አቀማመጥ ስለሚለወጥ መብራቱን ወደ ምሰሶው ከመመለስዎ በፊት አንድ ጊዜ ባልዲው ውስጥ ያስገቡት።