ከማስረጃው እስከ መደምደሚያው

ታናሽ እህቴ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ትወስዳለች። ምኞትዋ ሕግ ማጥናት ነው። በመሆኑም ማታ ማታ ጀሞ ከሚገኘው ቤታችን በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን የስኮላስቲክ አፕቲትዩድ ጥያቄዎችን፣ በተለይም የአመክንዮዎቹን፣ አብረን እንሠራለን። እኔ አስተማሪ ልሆን ነውና ማስጠናቱ ለልምምድ ይረዳኛል ብዬ ነበር የጀመርኩት። የሆነው ግን ሌላ ነው።

የአሜሪካኑን የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና፣ ኤልሳት የሚባለውን፣ ጥያቄዎችም አግኝተን ነበር። ፈተናው እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ የሚሰጥ ሲሆን የሚገርመው የሕግ እውቀት አይጠይቅም። አንድ አጭር ክርክር ይቀርባል፤ ከሥሩ አምስት ምርጫዎች ይሰለፋሉ። ክርክሩ የቆመበት ያልተነገረ ግምት የቱ ነው? ክርክሩን የሚያዳክመው የቱ ነው? ለአንዱ ክፍል 35 ደቂቃ ይሰጣል፤ ጥያቄዎቹ ከ24 እስከ 26 ይደርሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 እንቆቅልሽ የሚመስለው ክፍል ወጥቶ፣ የዚህ ዓይነቱ ክፍል ከአንድ ወደ ሁለት ከፍ ብሏል።

ምሳሌ ከሰፈራችን ልስጥ። «ዝናብ ከጣለ ከሜክሲኮ ወደ ጀሞ ታክሲ ይጠፋል። ዛሬ ታክሲ ጠፍቷል። ስለዚህ ዝናብ ጥሏል።» ልክ ነው የሚል ብዙ ሰው አለ፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። ታክሲ ግን በነዳጅ ሰልፍም ይጠፋል። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ዝናብ ታክሲ እንደሚያጠፋ ነገረን እንጂ፣ የሚያጠፋው ዝናብ ብቻ ነው አላለንም። «ብቻ» የምትለዋን ቃል የጨመርናት እኛው ነን። ልክ የሚሆነው «ዛሬ ታክሲ ሞልቷል፤ ስለዚህ ዝናብ አልጣለም» ብንል ነው። እህቴ ይህን ለመቀበል ሁለት ማታ ፈጀባት፤ ከዚያ በኋላ ግን ማን ይቻላት!

ዘዴያችን ቀላል ነው። ምርጫዎቹን በወረቀት እንሸፍናለን። መደምደሚያውን ፈልገን እናሰምርበታለን። ቀጥለን «እዚህ ለመድረስ ምን መጨመር ነበረበት?» እንላለን። ያወቅነውን ሁሉ ማምጣት ክልክል ነው፤ የተጻፈው ብቻ! የሳትነውን ጥያቄ ደግሞ አራቱ ምርጫዎች ለምን እንዳልሆኑ በደብተር እንጽፋለን። አሰልቺ ነው፤ ግን የጠቀመን እሱ ነው።

በዚሁ ሰሞን፣ ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት አንድ ትምህርት ቤት፣ የአንዲት የአምስተኛ ክፍል ልጅ አዲስ ከለር ጠፋ። በእረፍት ሰዓት ክፍል ውስጥ የቀረው አንድ ልጅ ነበር። ስጠይቀው አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ሁሉም እያየ «ቦርሳህን ክፈት» አልኩት። ሁለት ደብተርና ግማሽ ዳቦ ወጣ። ልጆቹ በዳቦው ሳቁ። እኔም «ደብቆታል» ብዬ ደመደምኩ።

ማታ ይህን ለእህቴ ብነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«እንዴ! በሩ ተቆልፎ ነበር?»

«አልተቆለፈም።»

«ታዲያ ሌላ ሰው አለመግባቱን በምን አወቅህ? የሰረቀ ያፍራል እንበል፤ ያፈረ ሁሉ ሰርቋል? ደግሞ ቢገኝበት ሌባ፣ ባይገኝበት ደብቆታል። ምን ብታገኝ ነበር ነፃ የምትለው?»

መልስ አልነበረኝም። በድሮው የበላ ልበልሃ ሙግት «ተጠየቅ!» የተባልኩ ያህል ሆንኩ። ያኔ ተከራካሪዎች በዳኛ ፊት ቆመው አንዱ ሌላውን በጥያቄ ያፋጥጥ ነበር፤ በማር ወይም በበቅሎም ይወራረዱ ነበር። ዘመናዊው የሕግ ትምህርት ቤት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. ነው፤ የሙግቱ ጥበብ ግን ከዚያ እጅግ ይቀድማል። እኔ በማር ተወራርጄ ቢሆን ኖሮ ማሩ ተበልቷል።

በማግስቱ እዚያው ክፍል ፊት ቆሜ «ትናንት ማስረጃ ሳይኖረኝ ነው ቦርሳህን ያስከፈትኩህ፤ ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት። ልጁ አሁንም አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ከለሩ እስከ ዛሬ አልተገኘም።