ጀርባውን ገልብጠሽ እዪ

ኧረ ይሄን ባለተረከዝ ጫማ ከሻንጣው አውጪው! ቆጵሮስ፣ ሌፍካራ መንደር እኮ ነው የምትሄጂው። መንገዱ ድንጋይ ንጣፍ ነው፣ ያውም ሽቅብ ቁልቁል። ተራራ ሲሉሽ ደግሞ ጋቢ እንዳትሸከሚ። የቆጵሮስ ከፍተኛው ጫፍ ኦሊምፖስ 1,952 ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባችን ያንሳል። ሌፍካራ ከሱም በጣም ዝቅ ብላ በትሮዶስ ተራሮች ደቡባዊ ግርጌ ነው ያለችው። የሚያስቸግርሽ የቀትር ፀሐይ ስለሆነ በጠዋት ውጪ።

መኪና ከተከራየሽ የሚነዳው በግራ ነው። እንግሊዞች በፈረንጅ ከ1878 እስከ 1960 ገዝተዋቸው የተዉላቸው ነው። አደባባይ ላይ ቀስ በይ፣ እኔ አንዴ ተሳስቼ ልቤ ቀጥ ልትል ነበር።

መንደሯ ስትገቢ ፎቶ ለማንሳት አትሩጪ። ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው የሚጠልፉ እናቶች ታያለሽ፤ ሰላም ሳትዪ፣ ሳታስፈቅጂ ስልክ አትደቅኚባቸው። አጠገባቸው ቆመሽ እጃቸውን እዪ። መጀመሪያ ከጨርቁ ላይ ክር እየቆጠሩ ይመዛሉ፣ ከዚያ የተከፈተውን ቦታ በመርፌ ይሞሉታል። እባብ የመሰለ ጠመዝማዛ ጥለት ካየሽ ‹ፖታሞስ› ይሉታል፣ ወንዝ ማለት ነው። ሥራው ሌፍካሪቲካ ይባላል፤ ዩኔስኮ በፈረንጅ 2009 በማይዳሰስ የሰው ልጅ ቅርስነት መዝግቦታል። ድሮ ሴቶቹ ይሠራሉ፣ ወንዶቹ ደግሞ ተሸክመው አውሮፓ ድረስ ይሸጡ ነበር።

ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በፈረንጅ 1481 መጥቶ ለሚላን ካቴድራል የመሠዊያ ልብስ ገዝቷል ብለው ይነግሩሻል። ማስረጃ የለውም። ግን አትከራከሪያቸው፤ እኛስ እንዲህ ያለ ስንት ተረት አለን!

ስትገዢ ነው ልብ የምትዪው። እኔ የዛሬ ስንት ዓመት ባሕር ዳር ካለ አንድ ሱቅ ‹የእጅ ሥራ ነው› ተብዬ የጠረጴዛ ልብስ ገዛሁ። እማዬ ገና ስትቀበለኝ ገልብጣ ጀርባውን አየችና ምንም ሳትል ቴሌቪዥኑ ላይ ጣል አደረገችው። የማሽን ነበር። ጥበብ ለብሳ ያደገች ሴት ትታለላለች? እውነተኛው ሌፍካሪቲካ ፊቱም ጀርባውም አንድ ነው፣ የተንጠለጠለ ክር የለውም። ዋጋው ሲያስደነግጥሽ ደግሞ እንደ መርካቶ ግማሹን አትጥሪ፤ ስንት ቀን እንደፈጀ ጠይቂያት። ትልቁ ካቃተሽ ትንሿን፣ የብርጭቆ ማስቀመጫዋን ግዢ። ዓይንሽ እንዲለይ መጀመሪያ የፓትሳሎስን ቤት እዪ፤ ድሮ የሀብታም መኖሪያ ነበር፣ ዛሬ የጥልፍና የብር ሥራ ሙዚየም ነው።

የመስቀል ቤተ ክርስቲያንም አላቸው። በዓሉ እነሱ ዘንድ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 14 ነው፣ ከኛ መስቀል ቀድሞ ስለሚውል ያንቺ ጉዞ ላይደርስበት ይችላል። ላርናካ ከተማ ስትመለሺ ግን የአልዓዛርን ቤተ ክርስቲያን ሳትሳለሚ እንዳትመጪ። ጌታ ከሞት ያስነሳው አልዓዛር መጥቶ የኖረው፣ ጳጳስም የሆነው እዚያ ነው ይላሉ፤ መቃብሩን ከመቅደሱ ሥር ወርደሽ ታዪዋለሽ። ነጠላ ያዢ።

ለጎረቤት ሉኩሚ ይበቃል፣ እዚያው ሌፍካራ ታገኚዋለሽ። ግን በዱቄት ስኳር የተነሰነሰ ስለሆነ ለብቻው በፌስታል ቋጥሪው፤ ለእማዬ የምትገዢው ጥልፍ ላይ እንዳታራግፊው።