በላስታ ቡና የት ይተከል?

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

በከፍተኛ ቦታ የበቀለ ቡና ጥራት አለው መባሉ ትክክል ነው። አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ፍሬው ቀስ ብሎ ይበስላል፤ ጣዕሙም ይጎላል። ይህን ብቻ ሰምቶ በላሊበላ ዙሪያ ችግኝ ማደል ግን ገበሬውን ይጎዳል።

ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በኮሎምቢያ ተራሮች አነስተኛ ገበሬዎች እስከ 2,000 ሜትር ገደማ ቡና የሚያለሙት አገራቸው ለምድር ወገብ ስለሚቀርብና ብርዱ ከወር ወር ብዙ ስለማይለዋወጥ ነው። ላስታ በ12 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሚገኝ ግን ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ሲጠራ በደጋው ውርጭ ይወርዳል። ቡና ውርጭን አይችልም። ፍሬ ለመስጠት ከ3 እስከ 4 ዓመት የሚፈልግ ተክል በአንድ ሌሊት ከተቃጠለ፣ ገብስ ወይም ባቄላ ሊሰጥ ይችል የነበረው ማሳ ለከንቱ ዋለ ማለት ነው።

ሀ. ቦታ ስለ መምረጥ

1. ወደ ተከዜ ተፋሰስ ዝቅ የሚሉ፣ ከ2,000 ሜትር በታች ያሉ የወይና ደጋ ቦታዎች ይታዩ።
2. ውርጭ የሙዝ ቅጠል የሚያጠቁርበት ጓሮ ለቡና አይሆንም። የአካባቢውን ሽማግሌዎች መጠየቅ ይጠቅማል።
3. ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወደ ታች ስለሚወርድ ጎድጓዳ ሥፍራ ይተው፤ ተዳፋቱ ይመረጥ።
4. የላስታ ዋና ዝናብ በሐምሌና በነሐሴ ስለሚያበቃ በበጋ የሚጠጣ ውኃ ያስፈልጋል። ምንጩ ለቤተሰቡና ለከብቱ የማይተርፍ ከሆነ ቡና አይተከል።

ለ. ስለ አተካከል

ጉድጓዱ በ60 ሳንቲ ሜትር ስፋትና ጥልቀት ከክረምቱ 2 ወይም 3 ወር በፊት ይቆፈር፤ ከላይ የወጣው አፈር ከብስባሽ ጋር ተደባልቆ ይመለስ። የጥላ ዛፍ አስቀድሞ ይተከል። በጣና ዳር የዘጌ ቡና በነባር ዛፎች ሥር የሚለማው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጥላው የቀኑን ሐሩርም የሌሊቱን ብርድም ያበርዳል።

ሐ. ስለ ለቀማና ማድረቅ

ዛፉ ጥቂት ለሆነ ገበሬ ትርፉ ከብዛት ሳይሆን ከጥራት ነው። ቀይ ፍሬ ብቻ ይለቀም፤ አረንጓዴው ለሚቀጥለው ዙር ይቆይ። 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ያህል እሸት ቡና ያስፈልጋል። የተለቀመው በዚያው ቀን ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ሳስቶ ይሰጣ፤ ቶሎ ቶሎ ይገላበጥ፤ በቀትርና በሌሊት ይሸፈን። መሬት ላይ የተሰጣ ቡና የአፈር ሽታ ይይዛል።

ማሳሰቢያ

አንድ ገበሬ በመጀመሪያው ዓመት ከ20 ችግኝ በላይ እንዳይተክል እንመክራለን። ሁለት በጋ ውርጭ ሳይነካው ካለፈ ይጨምር። ከነካው ግን ጉዳቱ ከጓሮው ጥግ አያልፍም፤ ማሳውም እህሉን ይዞ ይቆያል።