ደም ብዛት ያለበት ሰው እንዴት ይንቀሳቀስ?

በመርካቶ በርበሬ ተራ ሲሸከም የሚውል ሰው «ለእኔ ስፖርት ምን ያደርግልኛል?» ይል ይሆናል። ሸክምና እርምጃ ግን አንድ አይደሉም። ትንፋሽን አፍኖ ኩንታል ማንሣት የደም ግፊትን በአንድ ጊዜ ያንራል፤ ዘወትር ፈጠን ብሎ መራመድ ግን ከሳምንታት በኋላ ዝቅ ያደርገዋል። ደም ብዛት ሳያሳምም ስለሚቆይ፣ ብዙ ሰው የሚያውቀው ከተጎዳ በኋላ ነው። ስለዚህ፦

1. አስቀድመው በጤና ጣቢያ ይለኩ። ግፊቱ 180/110 ከደረሰ ሐኪም ሳይፈቅድ ስፖርት አይጀምሩ።

2. በሳምንት 5 ቀን፣ በየቀኑ 30 ደቂቃ ይራመዱ። ገበያው ሳይጨናነቅ፣ ማለዳ ከራጉኤል ወደ አውቶቡስ ተራ ደርሶ መመለስ ጥሩ ጅምር ነው። እየሄዱ መነጋገር ካቃተዎ ቀስ ይበሉ።

3. ሸክም ግድ ከሆነ ከፋፍለው ያንሡ፤ ሲያነሡም ትንፋሽዎን ያውጡ እንጂ አያፍኑ።

4. ደረትዎን ከወጋዎ ወይም ራስዎን ካዞረዎ ወዲያው ያቁሙ፤ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

5. «ተሻለኝ» ብለው መድኃኒትዎን አይተዉ። እርምጃ መድኃኒቱን ያግዛል እንጂ አይተካውም።

ለመወያያ፦ ከመካከላችን ግፊቱን ተለክቶ የማያውቅ ማን ነው? በዚህ ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ማን አብሮት ይሂድ?