በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዳይሆንብን ስለ አዮዲን እንወቅ

ለዛሬ ስለ አዮዲን ጨው ይዤላችሁ ቀርቤአለሁ።

ርዕሱን የመረጥኩት በአያቴ ምክንያት ነው። አያቴ አንገቷ ላይ እንቅርት አለባት። አንድ ቀን ጓደኛዬ ቤታችን መጥቶ «አንገቷ ምን ሆኖ ነው?» ሲለኝ አፍሬ ዝም አልኩ። በኋላ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ምክንያቱን ስንማር ግን ማፈሬ ራሱ አሳፈረኝ።

አዮዲን ምንድን ነው?
አዮዲን ሰውነታችን በጣም ጥቂት የሚፈልገው ማዕድን ነው። ለአንድ አዋቂ በቀን 150 ማይክሮ ግራም ይበቃዋል። የዓመቱን ሁሉ ብንደምረው 1 ግራም እንኳ አይሞላም! አንገታችን ላይ በፊት በኩል ያለው ታይሮይድ የሚባል እጢ በአዮዲን ለዕድገትና ለአእምሮ የሚያስፈልግ ሆርሞን ይሠራል። አዮዲን ሲያንስ እጢው ያለችውን ለመሰብሰብ ሲታገል ያብጣል። እንቅርት የምንለው ይሄ ነው።

ከእንቅርት የባሰም አለ። ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን በጣም ካነሳት የሕፃኑ አእምሮ በደንብ ላያድግ ይችላል።

ለምን ያንሳል?
አዮዲን በብዛት ያለው ባሕር ውስጥ ነው። በተራራማ አገር ዝናብና ጎርፍ አፈሩን ሲያጥበው አዮዲኑም አብሮ ይሄዳል። በዚያ አፈር የበቀለ እህልም አዮዲን ያንሰዋል።

ዓለም ምን አደረገ?
ስዊዘርላንድም እንደ እኛ ተራራማ ናት፤ እንቅርት በዝቶባት ነበር። በ1922 እ.ኤ.አ. ጨው ላይ አዮዲን መጨመር ጀመረች። በ1924 እ.ኤ.አ. አሜሪካም በሚሺጋን ጀመረች። ጨው የተመረጠው ሀብታምም ድሃም በየቀኑ ስለሚበላው ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. የዓለም መሪዎች ስለ ሕፃናት ኒው ዮርክ ላይ ተሰብስበው የአዮዲን እጥረትን ለማጥፋት ቃል ገቡ። በአገራችንም በ2003 ዓ.ም. የምግብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያዝ ደንብ ወጣ።

እኛስ ቤት?
አዮዲን በፀሐይ፣ በእርጥበትና በሙቀት ይቀንሳል። የእኛ ጨው ደግሞ ክዳን በሌለው ጣሳ ምድጃው አጠገብ ነበር። እማዬ አሁን ነፍሰ ጡር ስለሆነች ፈራሁና ነገርኳት። «ደግሞ ጨው አያያዝ አንተ ልታስተምረኝ?» ብላ ሳቀች። በማግስቱ ግን ጨዉን ክዳን ባለው ዕቃ አድርጋ መደርደሪያ ላይ ሰቅላው አገኘሁ።

ስለዚህ፦
1. አዮዲን እንዳለው የተጻፈበትን እሽግ ጨው እንግዛ።
2. ደረቅና ክዳን ባለው ዕቃ እናስቀምጥ።
3. ወጡ ሊወርድ ሲል እንጨምር።
4. ጨው አንጠብ።
5. አዮዲን አለው ብለን ጨው አናብዛ።

የቆየ እንቅርት ግን ጨው ስለቀየርን ብቻ አይጠፋም፤ ሐኪም ሊያየው ይገባል። እንቅርት ያለበት ሰው ስናይም አንሳቅ። የአያቴ ጥፋት አይደለም፤ እሷ ልጅ እያለች የምትበላው አሞሌ ጨው አዮዲን አልተጨመረበትም ነበር።

የዛሬ ጥያቄ፦ የእናንተ ቤት ጨው ክዳን አለው? ዛሬውኑ እቤት ስትገቡ እዩ!