ከፍ ለተደረገ ፒክአፕ መኪና ተገቢውን የጎማ ልክ ስለ መምረጥ

በባሕር ዳርና በጣና ሐይቅ ዙሪያ የሚነግድ ሰው እህሉንና አትክልቱን የሚያነሣው ከአስፋልት ዳር ብቻ አይደለም። በፎገራ ሜዳ ሩዝና ሽንኩርት የሚሰበስብ ነጋዴ ክረምት ሲገባ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁበታል፤ ጥቁሩ የመረሬ አፈርም ርሶ መኪናውን ይይዝበታል። ስለዚህ አንዳንድ ባለመኪናዎች የፒክአፓቸውን ሞላና ባሌስትራ አስለውጠው አካሉን ከፍ ያስደርጋሉ፤ ከዚያም ወደ ጎማ ሻጭ ሄደው «ትልቁን ስጠኝ» ይላሉ። ሻጩ ጥያቄውን ሳይመረምር የሸጠ እንደ ሆነ ገዢው ገንዘቡን፣ ሻጩም ደንበኛውን ያጣል። ከዚህ የሚከፋው ግን ያልተስማማ ጎማ በቁልቁለት ላይ የሚያስከትለው አደጋ ነው።

1ኛ. የቁጥሮቹ ትርጉም

በቶዮታ ሃይሉክስ ላይ ከሚገኙት የፋብሪካ ልኮች አንዱ 265/65 አር 17 ነው። 265 የጎማው ወርድ በሚሊሜትር ነው። 65 የጎማው የጎን ቁመት ከወርዱ ከመቶው 65 እጅ መሆኑን ያስረዳል። «አር» የውስጥ ክሩ አሠራር ራዲያል መሆኑን፣ 17 ደግሞ የቸርኬውን ዲያሜትር በኢንች ያመለክታል።

ከዚህ የጎማውን ሙሉ ቁመት ማግኘት ቀላል ነው። 265 በ0.65 ሲባዛ 172 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል፤ ይህ ከላይና ከታች ስለሚቈጠር በእጥፍ 344 ተኩል ነው። 17 ኢንች 431.8 ሚሊሜትር ስለ ሆነ ድምሩ 776 ሚሊሜትር ያህል ይመጣል። በዚሁ ስሌት የ265/70 አር 17 ቁመት 803፣ የ285/70 አር 17 ቁመት ደግሞ 831 ሚሊሜትር ያህል ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ከፋብሪካው ልክ ከመቶ 3.4፣ ሁለተኛው ከመቶ 7 ይበልጣል ማለት ነው።

2ኛ. አካሉን ከፍ ማድረግ የሚሰጠውና የማይሰጠው ጥቅም

ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሞላው አካሉን በ50 ሚሊሜትር ቢያነሣውም በኋላው አክስል መካከል ያለው ዲፈረንሻል ከነበረበት ንቅንቅ አይልም፤ አክስሉ በጎማዎቹ ላይ የተቀመጠ ነውና። ድንጋይና የመንገድ ጉብታ የሚመታው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይህንኑ ክፍል ነው። ዲፈረንሻሉን ከመሬት የሚያርቀው የጎማው ቁመት ብቻ ነው፤ ያውም በጭማሪው ግማሽ ልክ። 265/70 የሚሰጠው 13 ሚሊሜትር ያህል፣ 285/70 የሚሰጠውም 27 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው።

ስለዚህ የሞላው ዋና ሥራ ለጎማው ቦታ መስጠት ነው። ቦታው መብቃቱ የሚታወቀው በግምት ሳይሆን በሙከራ ነው፤ ይኸውም መኪናው ሙሉ ጭነቱን ይዞ መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲዞር ጎማው ፓራፋንጎውን ወይም ሻንሲውን እንዳይነካ መመልከት ነው። በባዶ መኪና ያልነካ ጎማ፣ መኪናው ተጭኖ ጉድጓድ ሲገባ ሊነካ ይችላል።

3ኛ. ትልቅ ጎማ የሚያስከትለው ኪሣራ

የፍጥነት መለኪያው በፋብሪካው ጎማ ትክክል የነበረ እንደ ሆነ፣ 285/70 ከተገጠመ በኋላ 100 ሲያሳይ መኪናው በእውነት በሰዓት 107 ኪሎሜትር ይሄዳል። 10,000 ኪሎሜትር ሲቈጥርም የተጓዘው 10,700 ያህል ስለ ሆነ ዘይት የሚለወጥበት ጊዜ ያልፋል።

ፍሬንም ይደክማል። ጎማው በረዘመ መጠን ፔዳሉ በአንድ ዐይነት ኃይል ቢረገጥም መንገዱን የሚይዘው ጉልበት ከመቶ 6 ተኩል ያህል ይቀንሳል፤ በዳገት የሚጐትተው ጉልበትም እንዲሁ። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል የዓባይን በረሃ የሚያቋርጥ መኪና ከአንድ ሺሕ ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት ወርዶ ያንኑ ያህል ይወጣል። ከፍ ያለ አካልና ከፍ ያለ ጭነት በኩርባ ላይ ለመገልበጥ እንደሚቀርቡም መታሰብ አለበት።

በመረሬ ጭቃ ላይ ደግሞ ከቁመቱ ይልቅ ጥርሱ ይበልጥ ይረዳል። ጥርሱ የተራራቀ ጎማ ጭቃውን እየጣለ ይሄዳል፤ ጥርሱ የተቀራረበ ግን ትልቅም ቢሆን በጭቃ ተሞልቶ ይንሸራተታል።

4ኛ. የጭነት ቁጥርና የተሠራበት ጊዜ

ከልኩ ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር አንዱ ጎማ የሚችለውን ክብደት ያስታውቃል። 112 ማለት 1,120 ኪሎግራም፣ 121 ማለት 1,450 ኪሎግራም ነው። ትልቅ ጎማ ሁሉ ብዙ ይሸከማል ማለት ስላልሆነ ቁጥሩ ከፋብሪካው ያነሰ ጎማ ለጭነት መኪና መሸጥ አይገባም።

በጎማው ጎን ላይ ያሉት 4 አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት የሚገልጹት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። 1516 የሚል ጎማ የተሠራው በ2016 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር በ15ኛው ሳምንት ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ነው። 16ቱን እንደ ኢትዮጵያ ዓመት ያነበበ ገዢ ጎማውን ከዕድሜው በ8 ዓመት ያሳንሰዋል። ላስቲክ ሳይሠራበትም ያረጃልና ሻጩ ይህን አስቀድሞ ማስረዳት ይገባዋል።

5ኛ. ለአስመጪውና ለባለሱቁ

አስመጪው ከማዘዙ በፊት የደንበኞቹን መኪናዎች ዐይነትና የቸርኬ ልክ መዝግቦ ቢይዝ ይጠቀማል። የሚበዛው ትእዛዝ የፋብሪካው ልክ፣ ጥቂቱ ከእርሱ በአንድ ደረጃ ከፍ ያለው ይሁን፤ እጅግ ትልቁ ገዢው ተቀዳሚ ገንዘብ ሲከፍል ብቻ ይታዘዝ። በአራቱም እግር የሚጐትት መኪና የጎማዎቹ ቁመት ካልተካከለ ዲፈረንሻሉ ይጐዳል፤ ስለዚህ ተለዋጩን ጨምሮ አምስቱ ባንድነት ቢሸጡ ይሻላል። በመጋዘንም ጎማው ከፀሐይ፣ ከሙቀትና ከዘይት ርቆ ይቀመጥ።

ባለሱቁ ደንበኛውን አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ሦስት ነገር ነው፤ ምን ያህል ይጫናል? በየትኛው መንገድ ይሄዳል? ተጭኖ ሳለ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ስንት ሚሊሜትር ይቀራል? ልኩ ሊመረጥ የሚገባው ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ከተገኘ በኋላ ነው።