ከአንድ በላይ የአካል ጉድለት ይዘው ስለሚወለዱ ሕፃናት

በላንቻና በአካባቢው ቤት ለቤት ሕሙማንን ስንጎበኝ፣ ከጓዳ ሳይወጣ የሚያድግ ሕፃን ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም። ከንፈሩ የተሰነጠቀ፣ ጣቶቹ ከአምስት የበዙ፣ ልቡም የታመመ ልጅ ሲወለድ ጎረቤት አስቀድሞ የሚጠይቀው እናቲቱ ምን አድርጋ እንደ ሆነ ነው። ጥያቄው ጥንታዊ ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ይህንኑ ጠይቀው ነበር፤ ጌታችን ግን በደሉን በእርሱም በወላጆቹም ላይ አላደረገውም።

የሰው ሕዋስ በ23 ጥንድ የተደረደሩ 46 ክሮሞዞሞች አሉት፤ እኩሌታው ከአባት፣ እኩሌታው ከእናት ነው። እንቁላል ወይም የወንድ ዘር ሲዘጋጅ ክፍፍሉ ቢዛባ ለፅንሱ አንድ ክሮሞዞም ይተርፈዋል። ትርፉ 21ኛው ሲሆን ዳውን ሲንድረም ይባላል፤ መንሥኤውን ፈረንሳዊው ሐኪም ዤሮም ለዤንና ባልደረቦቹ በ1959 እ.ኤ.አ. አስታወቁ። በዓመቱ የ13ኛውና የ18ኛው ትርፍ ታወቀ። እነዚህ ሁለቱ ልብን፣ አንጎልንና እጅን በአንድነት ስለሚጎዱ አብዛኞቹ ሕፃናት ዓመት አይሞላቸውም። የእናት ዕድሜ ሲገፋ ዕድሉ ይጨምራል፤ ሆኖም በወጣት እናቶችም ይደርሳል።

ሌላው በአንዲት ጂን ጉድለት የሚመጣው ነው። አባትና እናት ራሳቸው ጤነኞች ሆነው ሳለ አንድ ዓይነት የተበላሸ ጂን ተሸክመው ቢጋቡ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። ሰባት ቤት የመቁጠር ሥርዓታችን ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል። የአጎትና የአክስት ልጆች ከጂናቸው በአማካይ 1/8ኛውን ይጋራሉ፤ በየወገናቸው ሰባት ትውልድ ወደ ላይ ቆጥረው በአንድ ባልና ሚስት የሚገናኙ ግን 1/8192ኛውን ብቻ ነው። ሥርዓቱ ስለ ጂን ታስቦ ተሠራ ለማለት አልደፍርም።

ይሁን እንጂ ይኸው ሥርዓት የሐሜት መሣሪያ ሲሆን ይታያል፤ «ዘራቸውን ሳይቆጥሩ ተጋብተው ነው» ይባላል። ዝምድና የሌላቸውም ሰዎች ያንኑ ጂን ሊሸከሙ ይችላሉ፤ በወላጆቹ ያልነበረ ለውጥም በልጁ ላይ አዲስ ሆኖ ሊነሣ ይችላል።

መንሥኤውን ማወቅ በተለይ ለሚቀጥለው ልጅ ይጠቅማል። ያለፈው ትርፍ ክሮሞዞም ከሆነ የመደገሙ ዕድል ብዙውን ጊዜ ከ100 አንድ ገደማ ነው፤ ከሁለቱም ወላጆች የተወረሰ ጂን ከሆነ ግን ከ4 አንድ። ስለዚህ የንስሐ አባቶች ቤተሰቡን ወደ ሕፃናት ሐኪም ቢመሩ፣ በሁለቱም ወገን የሞቱና የታመሙ ሕፃናትን ታሪክ ሳይደብቁ እንዲናገሩም ቢመክሩ መልካም ነው።

ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ማጥመቅ ለእነዚህም ሕፃናት እንደ ሌሎቹ ነው፤ ለሞት የሚያሰጋ ሕመም ካለ ግን ቀኑ አይጠበቅም።